የማን ቤት ነው? ስለ ሐረር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች ታሪክ አጻጻፍ ጥቂት ትችት

በሐረር ጁገል ውስጥ፣ ከፈረስ መጋላ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ ከፍ ያለ የእንጨት ፎቅ ቤት አለ። መስኮቶቹ ባለ ቀለም መስታወት ናቸው፤ ጣሪያው በሥዕል ያጌጠ ነው። የከተማው ሰው «ራምቦ ቤት» ይለዋል። ልጆቹን ይዞ ጁገልን የሚያሳይ አባት «አባባ፣ ይህ የማን ቤት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «የፈረንሳዊው ባለ ቅኔ የአርተር ራምቦ ነው» ብሎ ያልፋል። ልጆቹም አምነው ይቀበላሉ።

ዳሩ ግን መልሱ ትክክል አይደለም። ቤቱን ያሠራው አንድ ሕንዳዊ ነጋዴ ነው። የተሠራውም ራምቦ ሐረርን ለመጨረሻ ጊዜ ትቶ ከሄደ በኋላ ነው። ባለ ቅኔው እ.ኤ.አ. ኅዳር 10 ቀን 1891 ማርሴይ ላይ በ37 ዓመቱ ሲሞት ይህ ፎቅ ገና አልነበረም። እዚያው አቅራቢያ ያለውና «የራስ ተፈሪ ቤት» የሚባለው ያማረ ቤትም እንዲሁ የሕንዳዊ ነጋዴ ሥራ ነው። ሁለት ቤቶች፣ ሁለት ባለቤቶች ነበሩ። ሁለቱም ግን የሚጠሩት በሌላ ሰው ስም ነው።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ያነሳነው ስለ ግንብና ስለ እንጨት ለመከራከር አይደለም። ነገሩ ስለ ሰው ነው። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል አሕዛብ ሰውን ወደ ትክክለኛው አባቱ አስጠግቶ መጥራት በአላህ ዘንድ ይበልጥ ፍትሐዊ መሆኑን አስተምሮናል። ይህ ትእዛዝ የወረደው ስለ ልጆች ነው። ነገር ግን ስምን ለባለቤቱ የመመለስ ሐቅ በታሪክም ውስጥ ቦታ አለው ብንል የተሳሳትን አይመስለንም። የሐረር የ19ኛው ክፍለ ዘመን ታሪክ አጻጻፍ ትልቁ ጉድለት እዚህ ላይ ነው፤ የብዙ ሰው ሕይወት በጥቂት እንግዶች ስም ሲጠራ ኖሯል።

የአሥር ቀን እንግዳ

እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ሐረር የገባው እ.ኤ.አ. ጥር 1855 ነው። በዚያን ጊዜ የከተማዋ ገዥ አሚር አሕመድ ኢብን አቡበክር ነበሩ። በርተን በከተማዋ የቆየው አሥር ቀን ያህል ብቻ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ግን ስለ ጉዞው ያሳተመው መጽሐፍ ከዚያ በኋላ ስለ ሐረር የጻፈ ሁሉ የሚጠቅሰው ምንጭ ሆነ። ሕይወቱ በብዙ መጻሕፍት ተተርኳል፤ የት እንደ ተወለደ፣ ምን እንደ በላ፣ ከማን ጋር እንደ ተጣላ ሳይቀር ተመዝግቧል።

ፍትሐዊ እንሁን። በርተን ስለ ከተማዋ ሕዝብ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ንቀት ያለበት ብዕር ነበረው። ሆኖም ያየውን ሁሉ አልካደም። የሐረር ሰዎች የመጽሐፍ ጥረዛ ችሎታ አስደንቆት አመስግኗል። በዘመኑ የታወቁ ዑለማዎችንም በስም አንስቷል። እነሱም ከቢር ኸሊል፣ ከቢር ዩኑስና ሸይኽ ጃሚዕ ናቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ ከቤታቸው እምብዛም የማይወጡ፣ ጊዜያቸውን በማንበብና በማስተማር የሚያሳልፉ፣ ሦስተኛው ደግሞ በከተማዋ የፖለቲካ ጉዳይ ውስጥ የሚሳተፉ ሶማሊ እንደ ነበሩ ይነግረናል።

ይኸው ነው፤ አንድ ሁለት መስመር። እንግዲህ ልብ በሉ። አሥር ቀን የሰነበተው እንግዳ ብዙ ቅጽ ሲጻፍለት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ከቢሮች አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃቸው እንግዳው በተወላቸው አንድ መስመር ነው። ተማሪዎቻቸው እነማን ነበሩ? ምን ምን ኪታብ አቀሩ? ልጆቻቸው ወዴት ሄዱ? የኋላ ጸሐፊዎች የበርተንን መስመር ደጋግመው ገለበጡ እንጂ ከመስመሩ ጀርባ ያለውን ሰው ፍለጋ የወጡት ጥቂት ናቸው።

ስም የተጻፈበት ምክንያት

ራምቦ ሐረር የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1880 መጨረሻ ነው። ከተማዋ ከ1875 ጀምሮ በግብፆች እጅ ነበረች። ራምቦ መቀመጫውን ኤደን ላይ ላደረገ የአልፍሬድ ባርዴ የንግድ ቤት ተቀጥሮ ቡናና ቆዳ ይገዛ ነበር። ቅኔ መጻፍ ያቆመው ከዚያ ከዓመታት በፊት ነው። ሐረር የምታውቀው ነጋዴውን ነው፤ ባለ ቅኔውን አይደለም። በመካከል እየሄደ እየተመለሰ እስከ 1891 በከተማዋ ኖሯል።

ከቆይታው የቀሩትን ወረቀቶች በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው አንድ የሚያሳዝን ነገር ያገኛል። የሐረርና የአካባቢው ሰው በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ ስሙ የሚገባው ለምን ምክንያት እንደ ሆነ ይታያል።

በ1883 ካሜራ አስመጥቶ ጥቂት ፎቶግራፎች አንስቷል። ከእነዚህ አንዱ የቡና መጫኛ ከረጢት፣ ማለትም ዳቡላ፣ የሚሠራ ሰው ፎቶ ነው። ሰውየው ሥራው ላይ ተቀምጧል፤ ፊቱ ይታያል፤ ዕቃዎቹ በዙሪያው አሉ። ይሁንና በየመጽሐፉ የሚታወቀው «ዳቡላ ሠሪው» ተብሎ ነው። ሙያው ተመዘገበ፤ የእናት አባቱ ልጅ መሆኑ ግን ቀረ።

በዚያው ዓመት ወደ ኦጋዴን የተደረገውን ጉዞ የሚተርክ ዘገባ በራምቦ ስም ተዘጋጅቶ በ1884 በፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ታተመ። ወደ ምድሩ የዘለቀው ግን የሥራ ባልደረባው፣ ሶቲሮ የተባለ ግሪካዊ ነበር። ራምቦ ይህን አልደበቀም፤ በዘገባው ውስጥ የሶቲሮን ስም ጽፏል። የሶቲሮን ድርሻ ያደበዘዙት ከእሱ በኋላ የመጡት ናቸው። ስለዚህ የአገሬው ሰው ብቻ ሳይሆን ዝነኛ ያልሆነ ሰፋሪም በዝነኛው ጥላ ሥር ይዋጣል ማለት ነው።

ከሁሉ የሚብሰው የመጨረሻው ጉዞ ነው። በሚያዝያ 1891 ራምቦ ጉልበቱ በጠና ታሞ መራመድ አቃተው። ሸራ የተወጠረበት ቃሬዛ አሠርቶ 16 ተሸካሚዎች ቀጠረና ከሐረር ወደ ዘይላ ወረደ። ጉዞው ከአሥር ቀን በላይ የፈጀ፣ ዝናብና ብርድ የበዛበት ነበር። በመንገድ ላይ አጭር ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። በአንድ ቀን ማስታወሻው ተሸካሚዎቹ ቃሬዛውን መሬት ላይ ስለ ጣሉት አራቱን እያንዳንዳቸው አንድ ጠገራ ብር እንደ ቀጣቸው መዝግቧል። የተቀጡትንም በስም ጽፏል። አንዱ አብዱላሂ፣ አንዱ አብዱላህ፣ አንዱ ባከር ይባላሉ። የአራተኛውን ስም የውጭ ብዕር ስላበላሸው «ሙኔድ ሱዪን» ተብሎ ቀርቷል፤ ምናልባት ሙሐመድ ሑሴን ይሆናል።

እንግዲህ አስቡት። የታመመ ሰው በትከሻቸው ተሸክመው ያንን ሁሉ ተራራና በረሃ ከወረዱት 16 ሰዎች መካከል በዚያ መስመር ላይ ስማቸው የተረፈው አራቱ ናቸው። የተረፈውም ስለ ተቀጡ ነው። ያላጠፉት አሥራ ሁለቱ እዚያ ስም የላቸውም። በሥቃይ ላይ የነበረን ሕመምተኛ በዚህ አንወቅሰውም፤ ማስታወሻውን የጻፈው ለሒሳቡ እንጂ ለታሪክ አልነበረም። ወቀሳው የሚገባው ከዚያ በኋላ ስለዚህ ጉዞ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ ሲጽፉ የሕመምተኛውን እያንዳንዱን ሥቃይ ቆጥረው የተሸካሚውን ትከሻ ለረሱት ነው።

የጃሚ ወራሾች

በእነዚህ ወረቀቶች ውስጥ በቅጣት ሳይሆን በፍቅር የተጠራ አንድ የአገሬው ሰው አለ። እሱም የራምቦ አገልጋይ የነበረው ወጣቱ ጃሚ ወዳይ ነው። ራምቦ ማርሴይ ሆስፒታል እግሩ ከተቆረጠ በኋላ በመጨረሻዎቹ ቀናት ደጋግሞ ያነሳው የጃሚን ስም እንደ ነበር እህቱ ኢዛቤል ጽፋለች። ለጃሚም 3,000 ፍራንክ እንዲሰጠው ተናዘዘ። ገንዘቡ ሐረር ሲደርስ ጃሚ ሞቶ ስለ ነበር ለወራሾቹ ተከፈለ።

በኛ ሸሪዓ ኑዛዜና ውርስ ቀላል ነገር አይደሉም። ወራሽ ሲባል ስም ያለው፣ ድርሻው የታወቀ፣ ከሟቹ ጋር ያለው ዝምድና የተረጋገጠ ሰው ነው። አንድ ቃዲ የጃሚን ውርስ ቢያከፋፍል ኖሮ መጀመሪያ የሚጠይቀው «እነማን ናችሁ?» ብሎ ነበር። የራምቦን ሕይወት የሚተርኩ ጸሐፊዎች ግን ገንዘቡ «ለወራሾቹ ተሰጠ» ብለው ምዕራፉን ይዘጋሉ። የአንድ ሰው ታሪክ ሊጀመር የሚገባው እዚያ፣ ጽሑፋቸው ያለቀበት ቦታ ላይ ነበር።

የኛም ጥፋት

እስካሁን የተናገርነው ስለ ሌሎች ነው። አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ፤ ጣትን ወደ ሌላ ብቻ መቀሰር የሙእሚን ጠባይ አይደለምና።

ራምቦ በጥቅምት 1883 ወደ ፈረንሳይ ጽፎ የቁርኣን ትርጉም እንዲላክለት ጠይቋል። «አብዶ ራምቦ» የሚል ማኅተም እንደ ነበረውም ይነገራል። ከዚህ ተነስተው «ሰልሟል» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ከወዲያ ደግሞ እህቱ ኢዛቤል ወደ ካቶሊክ እምነቱ ተመልሶ ሞተ ብላ ጽፋለች፤ ከእሷም ጋር የሚሟገቱ አሉ። ሰው በልቡ የያዘውን የሚያውቀው አላህ ነው። መጽሐፍ ማዘዝ ሸሃዳ አይደለም፤ የእህት ምኞትም ማስረጃ አይሆንም። ዜና ሲመጣልን አጣርተን እንድንቀበል በሱረቱል ሑጁራት ታዘናል። ይህ ትእዛዝ የሚያስደስተንንም ዜና ይጨምራል።

ነገር ግን የበለጠ የሚያሳፍረው ሌላ ነው። የዝነኛውን እንግዳ እምነት ወደ ራሳችን ለመሳብ ይህን ያህል ስንደክም፣ ቁርኣን እያነበበ ያደገውን የሰፈራችንን ሰው ስም ለማወቅ አንድ ቀን እንኳ ተነስተናል ወይ? ዝናን የምንለካው በባዕድ መለኪያ ነው። አንድ ሰው ታላቅ የሚሆንልን ውጭ አገር የታወቀ እንደ ሆነ ነው። እንዲህ ስናደርግ በርተንን ከወቀስንበት ጥፋት በምን ተሻልን?

ሌላም አለ። የአሚር አብዱላሂን ነገር ተመልከቱ። ግብፆች በ1885 ሲወጡ የአሚርነቱን ሥልጣን ያዙ፤ በጥር 1887 ጨለንቆ ላይ በምኒልክ ጦር ተሸነፉ። የምንሰማው ታሪክ፣ የሚያወድሰውም የሚያዝነውም፣ እዚህ ላይ ይቆማል። ሰውየው ግን እስከ 1930 ኖረዋል። ከአርባ ዓመት በላይ ማለት ነው። ሥልጣኑ ያበቃበትን ቀን የሕይወታቸው ማብቂያ አድርገን ስናወራ ኖረናል። አጎታቸው ዓሊ አቡ በርካም አሉ። አሚሩ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ የኋላውን ተረክበው፣ ለድል አድራጊው ገብረው፣ ለሕዝቡ ምሕረት የለመኑት እሳቸው ናቸው። የጦር ሜዳ ጀግና ዘፈን ይዘፈንለታል፤ የቤተሰብ ደም እንዳይፈስ በር ላይ ቆሞ የለመነን ሽማግሌ ግን ስንቶቻችን ለልጆቻችን እንነግራለን?

በእጃችን ያለው ዕውቀት

ይህ ሁሉ የሚያስቆጨው ሰውን በስሙ የመመዝገብ ጥበብ ሙስሊሞች ቀድመው ያዳበሩት በመሆኑ ነው። ሐዲስን ለመጠበቅ ሲባል የሰዎች ታሪክ ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆነ። ሰውየው ማን ነው? የማን ልጅ ነው? ከማን ተማረ? ማን ከሱ ተማረ? ታማኝ ነበር ወይስ ይረሳ ነበር? የት ሞተ? በ230 ዓመተ ሒጅራ የሞቱት ኢብን ሰዕድ የጻፉት የጦበቃት ኪታብ በዚህ መንገድ የተደራጀ ነው። ከዘመናት በኋላ አስ-ሰኻዊ ስለ ዘጠነኛው የሒጅራ ክፍለ ዘመን ሰዎች ሲጽፉ የኪታባቸውን የመጨረሻ ክፍል ሙሉ በሙሉ ለሴቶች ሰጥተዋል።

ለኛ ይበልጥ የሚቀርቡት ደግሞ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲ ናቸው። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ1753 ካይሮ ተወልደው በ1825 የሞቱ ታሪክ ጸሐፊ ናቸው። ስማቸው እንደሚመሰክረው የዘር ሐረጋቸው ከዘይላ አካባቢ ከጀበርት ምድር የመጣ ነው። የሰፋሪ ልጅ ነበሩ ማለት ነው። በታሪክ መጽሐፋቸው የየዓመቱን ክስተት ከተረኩ በኋላ በዚያ ዓመት የሞቱትን ሰዎች እያነሱ ሕይወታቸውን ይጽፋሉ። ናፖሊዮን ግብፅን ሲወር የነበረውን ሁሉ በዓይናቸው አይተዋል። እንደዚያም ሆኖ የራሳቸውን ከተማ ሙታን መቁጠር አልተዉም። ከዚሁ አካባቢ የወጣ ቤተሰብ ልጅ ለካይሮ ያደረገውን እኛ ለሐረር፣ ለወሎ፣ ለጅማ ማድረግ ያቃተን ለምንድን ነው?

«ወረቀት የለንም» የሚለው ምክንያት አያስኬድም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የነበሩት የአሚር ዐብዱሸኩር የሒሳብ መዝገብ ተርፎ፣ የሐረሩ ተመራማሪ አህመድ ዘካሪያ በ1990ዎቹ አጥንተው አሳትመውበታል። በየቤቱ ያሉ የእጅ ጽሑፍ ኪታቦች መጨረሻ ላይ የገልባጩ ስም ይገኛል። በዳርና በዳሩ ወቅፍ ያደረገው ሰው፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ተጽፎ ይገኛል። «የራስ ተፈሪ ቤት» በተባለው ሕንፃ ውስጥ የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም እንዲህ ያሉ ኪታቦች በአንድ ሰው ጥረት ተሰብስበው፣ ተጠግነው፣ ተጠርዘው የሚታዩበት ቦታ ነው። አንድ ሰው ይህን ከቻለ አንድ ቤተሰብ የራሱን ሦስት ኪታብ መጠበቅ እንዴት ያቅተዋል?

ሕንዶቹንም አንርሳ። ከጉጃራት የመጡት ሙስሊም ነጋዴዎች በሐረር ሱቅ ከፍተው፣ እንደ ሙሐመድ ዓሊ ኩባንያ ያሉት እስከ አዲስ አበባ ዘልቀው ትልቅ የንግድ ቤት ሆነው ነበር። ኩባንያውን ጣሊያኖች በ1937 ከአገር አባረሩት። የገነቡት ቤት ቆሞ፣ የሸጡት ጨርቅ አልቆ፣ ስማቸው ግን ከሰው አፍ እየጠፋ ነው። አውሮፓዊ ያልሆነ ሰፋሪ ሁለት ጊዜ ይረሳል። የአገሬው ሰው «የኛ አይደለም» ይለዋል፤ የውጭ ጸሐፊ ደግሞ «የኛ አይደለም» ይለዋል።

ከቤት እንጀምር

መፍትሔው የራምቦን ስም ከበሩ ላይ መፋቅ አይደለም። እሱም በዚች ከተማ ኖሯል፤ ነግዷል፤ ታሟል፤ የሐረርን ወጣት በመጨረሻ ሰዓቱ አስታውሷል። ሐቁ ይሰጠው። ነገር ግን አባት ልጁን ሲመልስ «ይህን ቤት ያሠራው ሕንዳዊ ነጋዴ ነው፤ ፈረንሳዊው ባለ ቅኔ በዚህ ከተማ ኖሯል፤ ጃሚ የሚባል ሰውም ነበር» ይበለው። ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ግን ልጁ ሦስት ሰው ይዞ ይወጣል።

ከዚያም ወደ ቤት ተመልሳችሁ አንድ ደብተር ክፈቱ። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ማታ ጠይቋቸው። የአያታቸው ስም ማን ነበር? በየትኛው በር በኩል ይኖሩ ነበር? ቁርኣን ያቀራቸው ከቢር ማን ነበሩ? ሥራቸው ምን ነበር? ሴት አያቶችንም አትዝለሉ፤ የአፎቻውን ነገር፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን በየትኛው ረሃብ ዓመት እንደ ሞተ የሚያውቁት አብዛኛውን ጊዜ እነሱ ናቸውና። ከእያንዳንዱ መልስ አጠገብ የነገራችሁን ሰው ስም ጻፉ፤ ሰነድ ማለት ይህ ነው። «ሰማሁ» ያሉትን «ሰማሁ»፣ «አየሁ» ያሉትን «አየሁ» ብላችሁ ለዩ። አያታችንን ለማክበር ብለን ያልነበሩትን ሸይኽ፣ ያልዋሉበትን ጦር ሜዳ አንጨምርላቸው። ሙታን ውሸት አያስፈልጋቸውም፤ ዱዓእና እውነት ይበቃቸዋል። በሳጥን ውስጥ ያለውን ኪታብም ለመንገደኛ ገዢ አትሽጡት። ብሩ በሳምንት ያልቃል፤ ዳሩ ላይ ያለው የአያት ስም ግን አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ቃሬዛውን የተሸከሙት አሥራ ስድስቱ ልጆች ይኖሯቸው ይሆናል፤ የልጅ ልጆችም እንዲሁ። ምናልባት ዛሬ ከእነሱ የተወለደ ሰው ይህን ያነብ ይሆናል፤ አያቱ ማን እንደ ነበሩ ግን አያውቅም። በአላህ ዘንድ የተረሳ ሰው የለም። የረሳነው እኛ ነን፤ የሚጠየቀውም የረሳ ነው።

ወላሁ አዕለም።